የዶሮና የዳክዬ ሙቀት አጠባበቅ ታሪክ፤ ከግብፅ ምድጃ እስከ ደጋው ቆጥ

በአገራችን ደጋ ገጠር ዶሮና ሰው በአንድ ጣራ ሥር ማደራቸውን የሚያይ የተማረ ሰው፥ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን «ኋላ ቀርነት» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ያልፈዋል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህን ፍርድ ከታሪክ አንጻር ለመመርመር ነው። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ከሞቃት ጫካ የወጣች ወፍ ውርጭ በሚወርድበት አገር ልትኖር የቻለችው በምን ዘዴ ነው? ዘዴውንስ ልዩ ልዩ ሕዝቦች እንዴት አገኙት?

ነገሩ ሲመረመር ሁለት መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው ከውጭ እሳት አምጥቶ ወፏን ማሞቅ ነው፤ ሁለተኛው ወፏ ራስዋ የምታወጣው ሙቀት እንዳይባክን መጠበቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ፥ በዘመናት ሁሉ ዘላቂ ፍሬ ያስገኘው በአመዛኙ ሁለተኛው መንገድ መሆኑን ማሳየትና፥ የደጋዋ ባለቤት ልማድም ያለ ምክንያት የመጣ አለመሆኑን ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የዶሮ የትውልድ አገርና የሰውነቷ ጠባይ

የቤት ዶሮ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ከሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ የተገኘች ናት። በ2022 የታተመ አንድ ጥናት፥ በእርግጥ የቤት ዶሮ ናቸው ከሚባሉት አጥንቶች ሁሉ ጥንታዊ የሆኑት በታይላንድ ባን ኖን ዋት በተባለ ስፍራ የተገኙት መሆናቸውን ገልጿል፤ ዘመናቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ያ አገር ሩዝ የሚበቅልበት ቆላ ስለ ሆነ፥ ዶሮ በትውልድ አገርዋ ከብርድ ጋር አትተዋወቅም ነበር።

ወደ እኛ ደጋ የመጣችው ግን ብዙ ሳትዘገይ ነው። ሕሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለው ጥንታዊ መንደር የተገኙትን የዶሮ አጥንቶች መርምረው፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ባለው ዘመን ዶሮ በዚያ ትረባ እንደ ነበር አስረድተዋል። ይህም በአፍሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ ከታወቁት እጅግ ጥንታውያን ማስረጃዎች አንዱ ነው። እንግዲህ የደጋ ሰው ዶሮን ከብርድ ማስጣል የጀመረው ትናንት አይደለም፤ ቢያንስ የ2400 ዓመት ልምድ አለው ማለት ነው።

ልምዱን ለመገመት የወፏን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የዶሮ ሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለ ሆነ ከሰው ሙቀት ይበልጣል። ላባዋ በመካከሉ አየር ይዞ ሙቀቱ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ስለዚህ ጠግባ የበላች፥ ላባዋም የደረቀ ትልቅ ዶሮ ብርድን በደኅና ትቋቋማለች። ነገር ግን ነፋስ ላባዋን ገልጦ አየሩን ያወጣዋል፤ እርጥበትም ላባውን አጣብቆ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ላባ የሌለባቸው እግሮቿና በራስዋ ላይ የሚቆመው ቀይ ሥጋ ደግሞ በውርጭ ሊጎዱ ይችላሉ። በቆጥ ላይ ሆና እግሮቿን ከሆድዋ ላባ ሥር የምትሸሽገው፥ ራስዋንም ከክንፏ ሥር የምታስገባው ስለዚህ ነው።

የጫጩት ነገር ግን የተለየ ነው። ጫጩት ስትፈለፈል ያላት ቀጭን ለስላሳ ጠጕር ብቻ ስለ ሆነ የሰውነቷን ሙቀት ራስዋ ልትጠብቅ አትችልም። በመጀመሪያው ሳምንት የምታርፍበት ስፍራ 33 ወይም 35 ዲግሪ ያህል መሞቅ ይኖርበታል፤ ከዚያ በኋላ ላባ እስክታወጣ ድረስ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። እናቲቱ ይህን ሁሉ ያለ ቴርሞሜትር ታከናውነዋለች። ስለዚህ የሙቀት ጥያቄ ሲነሣ፥ የትልቋ ዶሮ ጥያቄና የጫጩት ጥያቄ ሁለት መሆናቸውን መለየት ያስፈልጋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው ብዙው ስሕተት የመጣው ሁለቱን በማደባለቅ ነው።

፪. የጥንት ሰዎች ዘዴ

በእሳት ኃይል እንቁላል በማስፈልፈል ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው ግብፃውያን ናቸው። አርስጣጣሊስ በአራተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲጽፍ፥ በግብፅ እንቁላል በፍግ ክምር ውስጥ ተቀብሮ እንደሚፈለፈል አመልክቷል። ከእርሱ በኋላ በአንደኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው ዲዮዶሮስ ግብፃውያን ወፎቹ እስኪታቀፉ ሳይጠብቁ በእጃቸው ጥበብ ጫጩት እንደሚያወጡ በመደነቅ ጽፏል። ኋላ የታወቀው ምድጃ በጭቃ ጡብ የሚሠራ፥ በመካከሉ መተላለፊያ፥ በግራና በቀኙም ባለ ሁለት ደርብ ክፍሎች ያሉት ቤት ነው። በላይኛው ደርብ ጭድና ፍግ ይጤሳል፤ በታችኛው ብዙ ሺህ እንቁላል ይደረደራል። ሠራተኛው ሙቀቱን የሚለካው እንቁላሉን በዓይኑ ሽፋሽፍት ላይ አስነክቶ ነው። ሙያው በቤተ ሰብ የሚወረስ ሲሆን፥ በናይል ደለል የምትገኘው የበርማ መንደር በዚህ እጅግ የታወቀች ነበረች።

የግብፅ ምድጃ ትልቅ ጥበብ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ አገሩ ሞቃት መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ በዚያ ከውጭ የሚጨመረው ሙቀት ጥቂት ነው፤ የጭቃው ግድግዳም ሙቀቱን አፍኖ ያቆየዋል። ወደ ቀዝቃዛ አገር ሲወሰድ ግን ሥራው እንደሚከብድ ከዚህ በታች ይታያል።

የቻይና ሰዎች ዘዴ ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል። አሜሪካዊው የእርሻ ሊቅ ኪንግ በ1911 በታተመው መጽሐፉ እንደ ገለጸው፥ ቻይናውያን የዶሮና የዳክዬ እንቁላል በቅርጫት አድርገው ከሸክላ በተሠራና በከሰል በሚሞቅ ማሰሮ መሰል ምድጃ ውስጥ ያስቀምጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ካለፉ በኋላ ግን እንቁላሉን ከእሳቱ አውጥተው በመደርደሪያ ላይ ዘርግተው በወፍራም ድሪቶ ይሸፍኑታል። በዚያን ጊዜ በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ፅንስ አድጎ ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ፥ የቀረው ሥራ ሙቀቱን መሸፈን ብቻ ነው። እሳቱ መነሻ ይሆናል፤ ፍጻሜውን የሚያደርሰው ግን የራሱ የእንቁላሉ ሙቀት ነው።

ስለ ትልልቆቹ ዶሮዎች ማደሪያ ደግሞ ግልጽ ምክር የሰጠው ሮማዊው ኮሉሜላ ነው። ኮሉሜላ በአንደኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ስለ እርሻ በጻፈው ሥራው፥ የዶሮ ቤት ፊቱ በክረምት ፀሐይ ወደምትወጣበት አቅጣጫ እንዲሆን፥ ከዳቦ መጋገሪያው ወይም ከማድቤቱም ጋር ተያይዞ እንዲሠራና ጭሱ ወደ ወፎቹ እንዲደርስ መክሯል፤ ጭሱ ለዶሮ ጤና ይረዳል የሚል አስተያየት ነበረው። ይህን ምክር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ አገራችን ስንመለስ ያስፈልገናል።

፫. የአውሮፓና የአሜሪካ ሙከራ

የግብፅን ጥበብ ወደ ቀዝቃዛው አውሮፓ ለማምጣት በሥነ ሥርዓት ከሞከሩት ሰዎች ዋናው ፈረንሳዊው ሬኦሙር ነው። በ1749 ባሳተመው መጽሐፍ የፍግን ሙቀት በቴርሞሜትር እየለካ እንቁላል ማስፈልፈል እንደሚቻል አሳየ። ይልቁንም ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው ለጫጩቶች የሠራው «ሰው ሠራሽ እናት» ነው፤ ይኸውም በፍግ በሚሞቀው ማሳደጊያ ውስጥ የተቀመጠ፥ ውስጡ በበግ ለምድ የተለበጠ ዝቅተኛ ሳጥን ሲሆን፥ ጫጩቶቹ በእናታቸው ክንፍ ሥር እንደሚገቡ ከጠጕሩ በታች ይሰበሰቡ ነበር። ሬኦሙር እሳት ብቻውን እንደማይበቃና ጫጩት የሚሸፍናት ነገር እንደምትፈልግ በትክክል ተመልክቷል።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1879 በካሊፎርንያ ፔታሉማ ከተማ ላይማን ባይስ የሠራው መፈልፈያ መሣሪያ ሥራውን ወደ ንግድ አሸጋገረው። እናት የሌላቸው ጫጩቶች በብዙ ሺህ ስለ ተገኙ ማሞቂያም በዚያው ልክ አስፈለገ። መጀመሪያ የጋዝ መብራት፥ ቀጥሎ የከሰል ምድጃ፥ በኋላም የኤሌክትሪክ አምፑል ለዚህ ሥራ ዋሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ብዙ ጫጩቶችን አድነዋል፤ ነገር ግን ደረቅ ገለባና እሳት ባንድነት ባሉበት ቤት የቃጠሎ አደጋ አብሮ መጣ። የኤሌክትሪክ አምፑል ወድቆ የዶሮ ቤት ማቃጠሉ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያጋጥም ጉዳት ነው።

በዚሁ ዘመን ከትልልቆቹ ዶሮዎች ላይ አንድ የሚያስተምር ስሕተት ተፈጸመ። በአሜሪካ ቀዝቃዛ ክፍሎች አያሌ አርቢዎች ዶሮን ከብርድ ለማዳን ብለው በመስተዋት የተዘጋ፥ አንዳንድ ጊዜም በምድጃ የሚሞቅ ቤት ሠሩ። ውጤቱ ግን እንዳሰቡት አልሆነም። ከወፎቹ እስትንፋስና ከኩሳቸው የሚወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ በግድግዳው ላይ ይንጠባጠብ፥ ሌሊትም ወደ ውርጭ ይለወጥ ነበር፤ አሞንያውም ዓይንና ሳንባ ይጎዳ ነበር። በዚህ ላይ ከተነሡት አንዱ ፕሪንስ ዉድስ በ1912 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ለማንኛውም አየር ጠባይ የሚሆነው በሦስት ወገን ነፋስ የማያስገባ፥ በአንድ ወገን ግን ክፍት የሆነ ደረቅ ቤት ነው ሲል ተከራከረ። ዶሮን የሚጎዳት ደረቁ ብርድ ሳይሆን እርጥበትና በስንጥቅ የሚገባ ነፋስ መሆኑ ከዚያ ወዲህ የዶሮ እርባታ የመጀመሪያ ትምህርት ሆኗል።

ሌሎች ደግሞ ቤቱን ከመለወጥ ይልቅ ወፏን ለመለወጥ አሰቡ። በካናዳ ኩቤክ ግዛት በኦካ ገዳም የነበሩት መነኵሴ ወንድም ዊልፍሪድ ሻትለን ከ1908 ጀምሮ አምስት ዘሮችን በማዳቀል ሻንትክለር የተባለውን የዶሮ ዘር አወጡ፤ በ1918ም ለሕዝብ ታየ። የዚህ ዘር ልዩ ምልክቱ በራሱና በጕሮሮው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እጅግ አነስተኛ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ውርጭ የሚይዘው ነገር የለውም። ሥጋው ትልቅ የሆነው የሌግሆርን ዘር ግን በዚያ አገር ብርድ በቀላሉ ይጎዳል።

የጫጩትን የራስዋን ሙቀት ዋጋ በግልጽ የሚያሳየው ማስረጃ ግን ከፖስታ ቤት የተገኘ ነው። የአሜሪካ ፖስታ በ1918 የአንድ ቀን ጫጩቶችን መላክ ሲፈቅድ፥ የተለመደው መላኪያ 100 ጫጩት የሚይዝ፥ 25 25 ሆነው የሚቀመጡባቸው አራት ክፍሎች ያሉት የካርቶን ሳጥን ነበር። በሳጥኑ ውስጥ ምንም ማሞቂያ የለም። ጫጩቶቹ በሆዳቸው በቀረው የእንቁላል አስኳል እየተመገቡ፥ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው እየተሟሟቁ በባቡር ረጅም መንገድ ይጓዙ ነበር።

፬. ስለ ዳክዬ

ስለ ዳክዬ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ምክንያቱም ታሪኳ የዶሮ ተቃራኒ ነው። አብዛኞቹ የቤት ዳክዬዎች የተገኙት በሰሜን አገሮች ከሚኖረው የዱር ዳክዬ ስለ ሆነ፥ ብርድ ለዘራቸው እንግዳ አይደለም። ላባቸው በቅባት የተለበጠ ነው፤ ከሥሩም ወፍራም ለስላሳ ላባ አለ። በእግራቸው ውስጥ ወደ ታች የሚወርደው ሙቅ ደም ወደ ላይ የሚመለሰውን ቀዝቃዛ ደም በመንገድ ላይ ስለሚያሞቀው፥ በበረዶ ላይ ቆመው እንኳ ብዙ ሙቀት አያጡም። ከዚህ ደንብ የሚለየው ትውልዱ ከሞቃት የአሜሪካ ክፍል የሆነው የሙስኮቪ ዳክዬ ነው፤ በፊቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ በውርጭ ይጎዳል።

ዳክዬ የምትፈልገው ነፋስ የማይገባበት ስፍራና ደረቅ ጭድ ብቻ ነው፤ የምታድረውም በመሬት ላይ እንጂ በቆጥ ላይ አይደለም። ችግሩ ራስዋ እርጥበት አምጪ መሆኗ ነው። ውሃ ትረጫለች፤ ኩሷም ቀጭን ነው። ስለዚህ ሁለቱን ወፎች በአንድ ጠባብ ቤት የሚያሳድር ሰው፥ በዳክዬዋ እርጥበት ዶሮዋን ለብርድ አሳልፎ እንደ ሰጣት ይቈጠራል። ዳክዬ እንቁላልዋን የምትታቀፈው 28 ቀን ሲሆን የዶሮ ግን 21 ቀን ነው፤ የዳክዬ ጫጩትም እንደ ዶሮ ጫጩት የእናት ሙቀት ትፈልጋለች፤ እናት ከሌላትም በውሃ እንድትዋኝ ማድረግ በብርድ እንድትሞት ማድረግ ነው።

፭. የደጋው ቤት

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በአካባቢዋ ውርጭ ይወርዳል። በዚህ ዓይነቱ አገር የምትኖር ባለቤት ዶሮዎቿን ማታ ወደ ቤት አስገብታ በቆጥ ላይ ወይም በማድቤት ታሳድራቸዋለች። የምትታቀፈዋን ዶሮ በጓዳ ጥግ፥ በእንቅብ ወይም በተሰበረ ገንቦ ውስጥ ጭድ አንጥፋ ታስቀምጣታለች። ጫጩቶቹንም ከእናታቸው ጋር ማታ ማታ በቅርጫት ትደፋባቸዋለች።

ይህን ልማድ ከላይ ካየነው ታሪክ ጋር እናስተያይ። ከምድጃው አጠገብ ማሳደር ኮሉሜላ ለሮማውያን የመከረው ነው። በጭድ የተሞላው ገንቦ፥ ቻይናውያን በድሪቶ፥ ሬኦሙር በበግ ለምድ ያደረጉትን ይሠራል። ቤቱ ነፋስ አያስገባም፤ በሣር ክዳኑ በኩል ግን ጭሱና እርጥበቱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ እሳቱም አየሩን ያደርቀዋል። ከዚህ በላይ ቤቱ ከሽለምጥማጥና ከሌባ ያድናል። እንግዲህ ባለቤቲቱ መጽሐፍ ሳታነብ የደረሰችበት መፍትሔ፥ ሌሎች ሕዝቦች በብዙ ድካም ከደረሱበት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ ከታሪክ ጋር አይስማማም።

ይሁን እንጂ ልማዱን ማወደስ ብቻም አይገባም፤ ዋጋ ያስከፍላልና። ቅማልና ቁንጫ ከዶሮዋ ወደ መኝታ ይተላለፋል፤ ኩሷም ሕፃናት በሚድሁበት መሬት ላይ ይወድቃል፤ ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታም አለ። ጭሱም ኮሉሜላ እንዳሰበው መድኃኒት አይደለም፤ የሰውንም የዶሮንም ሳንባ ይጎዳል። ደግሞም የመንደር ዶሮን ያጠኑ ሰዎች እንደሚገልጹት፥ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሳያድጉ ይሞታሉ። ለዚህ ምክንያቱ ብርድ ብቻ አይደለም፤ ፈንግል፥ ጭልፊትና ረኀብም አሉበት። ነገር ግን የራበው ጫጩት ሙቀት የሚሠራበት ነገር ስለሌለው ብርዱ ቶሎ ይጥለዋል። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ የዶሮና የእንቁላል ገንዘብ በብዙ የገጠር ቤት የሴቲቱ የግል ገንዘብ ነው፤ ጨውና ቡና፥ የልጆችም ደብተር የሚገዛው ከዚያ ነው። የሞተ ጫጩት ከዚያ ገንዘብ ላይ የተቀነሰ ነው።

በ1950ዎቹ ዓመታት በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች የሌግሆርንና የሌሎች የውጭ አገር ዘሮች እርባታ ተጀመረ። እነዚህ ዘሮች ከአገራችን ዶሮ ይልቅ ብዙ እንቁላል ይጥላሉ። ነገር ግን ሌግሆርን የመታቀፍ ጠባይ ከሞላ ጎደል የላትም፤ ስለዚህ ጫጩቷ ያለ እናት የምትወለድ ናት። እናት የሌላት ጫጩት ማሞቂያ ትፈልጋለች፤ ማሞቂያው ደግሞ ኤሌክትሪክ ወይም ነዳጅ ወይም ከሰል ይፈልጋል። ኤሌክትሪክ በሌለበት መንደር ይህ ሁሉ ለአንዲት የገጠር ሴት ከእንቁላሉ የሚበልጥ ወጪ ነው፤ ከሰልም በተዘጋ ቤት ሰውንና ወፍን በአንድነት ይገድላል። እንዲህ ሲሆን፥ የተሻለ ዘር ሰጥቶ የእናቲቱን ክንፍ መንሳት፥ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው ሆነ።

ለዚህ ችግር መልስ ከሰጡት አንዱ በጅማ የሠሩት ሰሎሞን ደመቀ ናቸው። በ2007 ባሳተሙት ጥናት የሣር ሳጥን የተባለውን የጫጩት ማሳደጊያ ለገጠር ቤተ ሰብ ተስማሚ መሆኑን መርምረዋል። ሳጥኑ በመካከሉ የጫጩቶች ማረፊያ ያለው ሲሆን፥ ዙሪያውና ላዩ በደረቅ ሣር የታጨቀ ነው። መብራት የለውም፤ እሳት የለውም። ጫጩቶቹ ቀን ወጥተው ይመገባሉ፤ ሲበርዳቸውና ሲመሽ ይገባሉ፤ ከሰውነታቸው የሚወጣውን ሙቀት ሣሩ ይይዘዋል። በእርግጥ ዘዴው ወሰን አለው፤ ጫጩቶቹ ጥቂት ከሆኑ የሚያወጡትም ሙቀት ጥቂት ነው፤ ሣሩም በየጊዜው ካልተለወጠ ይረጥባል። ነገር ግን መሠረተ ሐሳቡ ባለቤቲቱ በጭድ ከሞላችው ገንቦ፥ ጫጩቶቹን ከያዘውም የፖስታ ሳጥን ጋር አንድ መሆኑን ማንም ሊያየው ይችላል።

፮. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ ላባ ላወጣች ወፍ እሳት አስፈላጊ አይደለም፤ የሚያስፈልጋት ደረቅ ማደሪያ፥ ከነፋስ መከለያ፥ እግሯን የምትሸፍንበት ቆጥ፥ ማታም ከመተኛቷ በፊት ጥቂት እህል ነው፤ እህሉ ሌሊቱን ሲፈጭ ሙቀት ይሆናታልና። ሁለተኛ፥ ጫጩት ሙቀት ያስፈልጋታል፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚረክሰው ሙቀት የእናቲቱ፥ ከእርሱ ቀጥሎም የጫጩቶቹ የራሳቸው ነው። ሦስተኛ፥ የደጋው ቤት ልማድ መታረም የሚገባው ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ለምን ዶሮዋን ወደ ቤት እንዳስገባች ሳይጠይቅ «አውጪያት» ብቻ የሚል መካሪ፥ ውርጩንና ሽለምጥማጡን ረስቷል። ከማድቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ግን በር ለብቻው ያለው፥ ከመሬት ከፍ ያለና በጭድ የተነጠፈ ትንሽ የዶሮ ክፍል ቢሠራ፥ ሙቀቱ ሳይቀር ቅማሉና ኩሱ ከመኝታ ሊርቅ ይችላል።

ለጓደኞቼ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በዕረፍት ጊዜ ወደ የአገራችን ስንሄድ፥ አንድ ቴርሞሜትር ይዞ በቆጡ አጠገብ፥ በጓዳው ጥግና በደጅ ያለውን የሌሊት ሙቀት መዝግቦ ማስተያየት ቀላል ሥራ ነው። ስንት ጫጩት እንደ ተፈለፈለ፥ ስንቱ እንዳደገ፥ የሞተውም በምን እንደ ሞተ እናቶቻችንን መጠየቅ ደግሞ ከዚያ የሚቀል ነው። የ2400 ዓመት ልምድ ያለው አገር ልምዱን በጽሑፍ ሊያኖር ይገባዋል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው አዲስ መሣሪያ ሁሉ በዚያ ሚዛን ሊመዘን ይችላል።